ጉባኤያችን ለሁለት ሲከፈል አንድነትን እንዴት እንጠብቅ?

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጠብ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠቀሰው ጥቅስ ይታወቃል። «ወንድሞች በኅብረት ቢቀመጡ፥ እነሆ፥ መልካም ነው፥ እነሆም፥ ያማረ ነው»፣ መዝሙር 133። ቀጥሎ አንዱ ብድግ ብሎ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል። ይጸለያል፣ ሰው እየተቃቀፈ ይላቀሳል፣ በሳምንቱ ነገሩ ካቆመበት ይቀጥላል። ምክንያቱም የተጣሉበትን ነገር ማንም አልነካውም። አንዳንዴ ከዚህም ይከፋል፤ «አንድነት፣ አንድነት» የሚለው ወንበሩን የያዘው ሰው ይሆንና ነገሩ «ዝም በሉ» ማለት ሆኖ ያርፈዋል።

ይህ ጽሑፍ ለሁለት በተከፈለ ጉባኤ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ነው። ሽማግሌ ሁኑ፣ የኳየር አባል፣ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ወይም ከኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ ከቡራኬ በኋላ ሹልክ የምትሉ ምእመን፣ ለውጥ የለውም። ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም የሚያነበው ያንኑ አዲስ ኪዳን ነውና ከዚያ እንነሣ።

የምለው ነገር አንድ ነው። ሐዋርያት ጠብን ሁሉ በአንድ መድኃኒት አላከሙም። የወንጌል ጠብ አለ፣ የኅሊና ጠብ አለ፣ የወንበርና የቂም ጠብ አለ፤ ለሦስቱም ያደረጉት ይለያያል። እኛ ጋ ነገር የሚበላሸው መድኃኒቱ ሲቀያየር ነው። በጭብጨባ የተነሣ ሰው እናወግዛለን፣ ወንጌሉ ራሱ ሲነካ «ተቻቻሉ» እንላለን፣ የገንዘብ ጥያቄ ላነሣ ሰው ደግሞ የሦስት ቀን ጾም ጸሎት እናውጅለታለን።

አንድነቱን የምትፈጥሩት እናንተ አይደላችሁም

«በሰላም ማሰሪያ የመንፈስን አንድነት ለመጠበቅ ትጉ» ይላል ኤፌሶን 4፥3። ጳውሎስ ይህን ሲጽፍ እስር ላይ ነው። የሚናገረውም አብረው ማዕድ መቅረብ ነውር ስለነበረባቸው ሰዎች ነው፤ አይሁድና አሕዛብ። ምዕራፍ 2 ላይ በመካከላቸው የቆመውን የጥል ግድግዳ ክርስቶስ በመስቀሉ እንዳፈረሰው ነግሯቸዋል። ስለዚህ «አንድ ሁኑ» አላላቸውም። አንድ ሆናችኋል፣ ያላችሁን አታፍርሱ ነው ያላቸው። ለሽምግልና ለሚቀመጥ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሁለት ባዕዳንን ከባዶ ተነሥታችሁ እንድታዋድዱ አልተጠየቃችሁም፤ ወንድማማችነታቸውን የረሱ ሰዎችን ማስታወስ ነው ሥራችሁ።

እንግዲህ ከስብሰባው በፊት ይህን አድርጉ። ሁለቱም ወገን ባለበት ኤፌሶን 4፥4-6ን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ሰባት ነገር ይቆጥራል፦ አንድ አካል፣ አንድ መንፈስ፣ አንድ ተስፋ፣ አንድ ጌታ፣ አንድ ሃይማኖት፣ አንዲት ጥምቀት፣ አንድ አምላክ የሁሉም አባት። ከዚያ እያንዳንዱ ወገን ስለ ሌላው ይጠየቅ፦ «እነዚህ ሰዎች ከሰባቱ የትኛውን ክደዋል?» ቤቱ ጭጭ ካለ መልሱን አገኛችሁ። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለውንም ልብ በሉ። የመዝሙር ስልት የለበትም። የመሪ ስም የለበትም። የትውልድ አካባቢ፣ ሕንፃ፣ የአዳራሽ ኪራይ የለበትም።

ዮሐንስ 17ንም አብራችሁ አንብቡ። ኢየሱስ ሊያዝ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፣ ለደቀ መዛሙርቱ ብቻ ሳይሆን በእነርሱ ቃል ለሚያምኑት ሁሉ፣ ለእኛም ማለት ነው፣ አንድ እንዲሆኑ ጸለየ። ምሳሌው አብና ወልድ ናቸው። አብ ወልድ አይደለም፣ ወልድም አብ አይደለም፤ ግን አንድ ናቸው። ስለዚህ ሁሉም አንድ ዓይነት ለብሶ አንድ ዓይነት ይዘምር የሚል ሰው ከዚህ ጸሎት ማስረጃ አያገኝም። ግቡንም ነግሮናል፦ ዓለም እንዲያምን። ጎረቤት የሚያየው አንድነት መሆን አለበት ማለት ነው። «በመንፈስ አንድ ነን» እየተባለ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን መቀመጥ ካቃተ፣ ጎረቤት ምኑን ያያል?

ጠቡ የትኛው ነው?

የጠቡን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ተቃራኒው ወገን «አዎ፣ ይኸው ነው» ብሎ ሊፈርምበት በሚችል መልክ። ይህ ብቻውን ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ይፍጅ። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ወገኖች የተጣሉት በአንድ ነገር ላይ እንዳልሆነ የሚታወቀው እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። እገሌ ነገ ሌላ ከተማ ቢዛወር ጠቡ ይበርዳል ወይ? የባንክ ሒሳቡ ፈራሚዎች ቢቀየሩ ይበርዳል ወይ? ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካላችሁ፣ የትምህርት ልዩነት የተባለው ነገር ሽፋን ነው። በእኔ እይታ እኛ አበሾች መካከል ከሚታዩት ክፍፍሎች፣ በተለይ በውጭ አገር ካሉት፣ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ማንም «ቁልፉን ስለነጠቁኝ ወጣሁ» አይልም። «ትምህርታቸው ተበላሽቷል» ነው የሚለው።

የኅሊና ሲሆን

ሮሜ 14ን ክፈቱ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ49 አካባቢ ቄሣር ቀላውዴዎስ አይሁድን ከሮም አባረረ፤ ባልና ሚስቱ አቂላና ጵርስቅላ ቆሮንቶስ የተገኙት በዚህ ምክንያት እንደሆነ የሐዋርያት ሥራ 18፥2 ይነግረናል። ቀላውዴዎስ በ54 ሞተ፣ የተባረሩትም መመለስ ጀመሩ። ብዙ አጥኚዎች ሮሜ 14ን በዚህ ዳራ ያነቡታል። ጥለዋት የሄዱት ጉባኤ ሲመለሱ የአሕዛብ ቤት መስላ ጠበቀቻቸው። አንዱ አትክልት ብቻ ይበላል፣ ሌላው ያገኘውን ሁሉ። አንዱ ቀን ይለያል፣ ለሌላው ቀን ሁሉ እኩል ነው።

ጳውሎስ እዚህ ጋ ኮሚቴ አያቋቁምም። «እያንዳንዱ በገዛ አእምሮው አጥብቆ ይረዳ» ይላል፣ ያበቃል። ለሁለቱም ግን ለየብቻ ክልከላ ይሰጣል፤ ይህን ሳስበው ሁልጊዜ ይገርመኛል። የሚበላው የማይበላውን አይናቅ። የማይበላው በሚበላው ላይ አይፍረድ። ሰውን ያውቃል። ነፃነት የሚሰማው ሰው ፈተናው ንቀት ነው፣ ጥንቃቄ የሚያበዛው ሰው ፈተናው ፍርድ ነው። ጳውሎስ ራሱ በሐሳብ ከሚበሉት ጋር ነው፣ በራሱ ርኩስ የሆነ ነገር የለም ብሎ ያምናል። ሸክሙን ግን የሚጭነው በእነርሱው ላይ ነው፦ ብርቱዎች የደካሞችን ድካም ይሸከሙ፣ ወንድም የሚሰናከልበት ከሆነ ሥጋም ይቅር።

ይህ የሩቅ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ዓረብ አገር፣ ሪያድ ይሁን ዱባይ ይሁን ቤይሩት፣ ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ፊት ያለው ጥያቄ ይኸው ነው። አገር ቤት ክርስቲያን የክርስቲያን እጅ ያረደውን፣ ሙስሊም የሙስሊም እጅ ያረደውን ብቻ መብላት የቆየ ወግ ነው። እዚያ ግን ማድቤት ውስጥ ያለው ሥጋ አንድ ነው። አንዷ በስመ ሥላሴ ብላ ባርካ ትበላለች፤ ጓደኛዋ ሁለት ዓመት ሙሉ በዳቦና በሩዝ ትኖራለች። በእረፍት ቀናቸው ደግሞ አብረው ይጸልያሉ። እንግዲህ ሮሜ 14 ለሁለቱ የሚለው ግልጽ ነው። የምትበላዋ «ገና አልበራላትም» አትበል። የማትበላዋ «ለሆዷ ስትል ሃይማኖቷን ሸጠች» አትበል። አብረው በሚበሉበት ቀን ደግሞ የምትበላዋ ምስር ትሥራ፤ አለቀ።

ጭብጨባ፣ ሱሪ፣ ሜካፕ፣ ሠርግ ላይ ጠላ መቅመስ፣ ገና በፈረንጆቹ ዲሴምበር 25 ይሁን በእኛው ታኅሣሥ 29 የሚለው የውጭ አገር ክርክር፣ እነዚህን ሁሉ እዚህ መሳቢያ ውስጥ ክተቷቸው። ጾምን ግን አንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን የሥርዓት ጉዳይ ስለሚያደርገው እዚያ ቤት ያለ ሰው የራሱን አባቶች ይስማ። የሌላውን ቤት ጾም ማላገጥ ግን ለማንም አልተፈቀደም።

የወንጌል ሲሆን

እዚህ ጋ ጳውሎስ ሌላ ሰው ይሆናል። ለሮም ሰዎች ያን ያህል የታገሠው ሰው ለገላትያ ሲጽፍ፣ ከሰማይ መልአክ እንኳ ቢመጣና ሌላ ወንጌል ቢሰብክ የተረገመ ይሁን ይላል። ክርስቶስ ማን እንደሆነ፣ ሰው በምን እንደሚድን ከተለወጠ «አንድ ነን» ማለት ውሸት ይሆናል። በሥላሴ ላይ፣ በኢየሱስ አምላክነትና ሰውነት ላይ፣ በሞቱና በትንሣኤው ላይ የመጣን ነገር «ለአንድነት ሲባል» ማለፍ የለም።

ግን አንጾኪያ ላይ የሆነውን ልብ ብላችሁ እዩት፣ ገላትያ 2፥11 ጀምሮ። ጴጥሮስ የተሳሳተ ስብከት አልሰበከም። ከአሕዛብ ጋር አብሮ ይበላ ነበር፤ ከኢየሩሳሌም ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ከማዕዱ ተነሣ፣ ሌሎቹም ተከተሉት፣ በርናባስ ሳይቀር። በቃ ይኸው ነው። ጳውሎስ ይህን «የባህል ጉዳይ ነው» ብሎ አላለፈውም። እንደ ወንጌል እውነት አልሄዱም ብሎ በሁሉ ፊት ተቃወመው። የማን ዘር ከማን ጋር ይበላል የሚለው ጥያቄ ለእርሱ የኅሊና ምርጫ ሳይሆን የመስቀሉ ጥያቄ ነበር።

እኛ ጋ ይህ የት እንደሚያርፍ መናገር ያስፈልጋል? ሰው በአፍ በፈታበት ቋንቋ ማምለኩ መልካም ነው፤ በበዓለ ሃምሳ እያንዳንዱ በራሱ ቋንቋ ነው የሰማው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛ መቀደስና መስበክ ክፍፍል አይደለም። «እነርሱ» ከመጡ እኔ አልቆርብም፣ የእገሌ ብሔር ሰው ሽማግሌ አይሆነኝም ማለት ግን አንጾኪያ ነው። በሮሜ 14 አይታከምም፣ ገላትያ 2 ነው የሚያስፈልገው፤ ፊት ለፊት፣ በስሙ ተጠርቶ።

እውነተኛ የትምህርት ጥያቄ ሲመጣ አካሄዱ የሐዋርያት ሥራ 15 ላይ ተቀምጧል። አሕዛብ ይገረዙ ወይስ አይገረዙ? ጉዳዩ ኢየሩሳሌም ሄደ። መጀመሪያ ብዙ ክርክር ሆነ፤ ማንም አልታፈነም። ጴጥሮስ የሆነውን ተናገረ፣ በርናባስና ጳውሎስ ያዩትን መሰከሩ፣ ያዕቆብ ከነቢያት ጠቅሶ ውሳኔ አቀረበ። ከዚያ ደብዳቤ ተጻፈ፤ ደብዳቤውም ብቻውን አልተላከም፣ ይሁዳና ሲላስ በአፍም እንዲያስረዱ አብረው ተላኩ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ውሳኔው ይጻፍ፣ አጭር ይሁን፣ ሁለቱም ወገን የሚያምናቸው ሰዎች ይዘውት ይሂዱ። «ተስማምተናል» ብሎ በቃል የተለቀቀ ውሳኔ ሰኞ ዕለት አራት ዓይነት ሆኖ ይገኛል።

ትዕግሥትም ይጠይቃል። የ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ የለያቸው ምሥራቃውያንና ኦሪየንታል ኦርቶዶክሶች ከ1964 ጀምሮ መደበኛ ባልሆነ መልክ ሊቃውንቶቻቸውን ማቀማመጥ ጀመሩ፤ በኦርሁስ፣ በብሪስቶል፣ በጄኔቫ፣ አራተኛውን ደግሞ በ1971 እዚሁ አዲስ አበባ። ስለ ክርስቶስ የሚያምኑት በመሠረቱ አንድ እንደሆነ ተነጋግረው ደርሰዋል። አብሮ መቁረብ ግን እስካሁን አልተመለሰም። አሥራ አምስት መቶ ዓመት የቆየ ነገር በአንድ ኮንፈረንስ አይፈታም፣ ማንም ቸኩሎ አያስመስለው።

የወንበርና የቂም ሲሆን

ብዙ ጊዜ የሚገጥማችሁ ይኸኛው ነው፤ ሐዋርያትም ብዙ ጊዜ የገጠማቸው ይኸው ነበር።

ቆሮንቶስ ላይ «እኔ የጳውሎስ ነኝ»፣ «እኔ የአጵሎስ»፣ «እኔ የኬፋ» ይባባሉ ነበር። ጳውሎስ በስሙ የተቋቋመውን ቡድን እንኳ አላባበለም። «ክርስቶስ ተከፍሎአልን? ጳውሎስስ ስለ እናንተ ተሰቀለን?» ብሎ ጠየቃቸው። በእናንተ ስም ቡድን ከተሠራ መጀመሪያ መበተን ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ተቃራኒው ወገን ቢናገር ማን ይሰማዋል?

ፊልጵስዩስ ላይ ደግሞ ሁለት ሴቶች ተጣሉ፣ ኤዎድያና ሲንጤኪ። ሁለቱም በወንጌል ሥራ ከጳውሎስ ጋር የተጋደሉ፣ ስማቸው የተከበረ። በምን እንደተጣሉ አልተጻፈም። «በአንድ አሳብ በጌታ እንዲስማሙ ኤዎድያንን እመክራለሁ ሲንጤኪንንም እመክራለሁ» ይላል። ለእያንዳንዷ ለየብቻ «እመክራለሁ»፤ ማንኛዋ ጥፋተኛ እንደሆነች ከቃሉ አትለዩም። ደብዳቤው በጉባኤ ፊት የሚነበብ ነበርና ሁለቱም ስማቸው ሲጠራ እዚያው ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ አንድ የቅርብ የሥራ ጓደኛውን «አግዛቸው» ይለዋል። ሁለት ሰው ሲኳረፍ «ይፍቱት፣ የራሳቸው ጉዳይ ነው» ማለት መጽሐፍ ቅዱሳዊ አይደለም፤ ሦስተኛ ሰው በግልጽ ይመደብ።

አሁን የሐዋርያት ሥራ 6ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት፣ ከሁሉም የሚጠቅማችሁ እርሱ ነው ብዬ አስባለሁ። በኢየሩሳሌም ግሪክኛ ተናጋሪ የሆኑት ምእመናን አጉረመረሙ። በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ መበለቶቻችን ይረሳሉ አሉ። ቋንቋ፣ ምግብ፣ የተቆጣ ቡድን፤ ቤተ ክርስቲያን ለመክፈል የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቷል። ሐዋርያት በዚያ ቀን «ማጉረምረም ኃጢአት ነው» ብለው እስራኤል በምድረ በዳ የደረሰባቸውን ሊሰብኩ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ቅሬታውን ሰሙ፣ ጉባኤውን ሰበሰቡ፣ ሰባት ሰው ምረጡ አሉ፤ መስፈርቱንም ተናገሩ፦ በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው።

የተመረጡትን ስም ተመልከቱ፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ሰባተኛው ጭራሽ ከአንጾኪያ የመጣ፣ ወደ ይሁዲነት የገባ አሕዛብ ነው። አብዛኛው ሕዝብ ዕብራይስጥ ወገን በሆነበት ጉባኤ፣ የእደላው ኃላፊነት ቅሬታ ላቀረቡት ወገን ሰዎች የተሰጠ ይመስላል። ቁልፉን ሰጧቸው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቁጥር የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ መሄዱን ይናገራል።

ወደ ሥራ እንለውጠው። ሒሳቡ አይታይም የሚል ቅሬታ ካለ ያንኑ ቅሬታ ያቀረበውን ሰው ኦዲት ኮሚቴ ውስጥ አስገቡት። ወጣቱ አይሰማም ካላችሁ አንድ የበዓል ፕሮግራም ከነበጀቱ አስረክቡት። ቅሬታው እውነት ከሆነ በሥልጣን ነው የሚመለሰው። ምክርና ማባበል ለዚህ አይሠራም።

የቅርብ ምሳሌ ከፈለጋችሁ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አለች። ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተለይተው ወጡ፣ ውሎ አድሮም በውጭ ሌላ ሲኖዶስ ቆመ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሁለቱ ወገን ያንኑ ቅዳሴ እየቀደሱ፣ ያንኑ ጸሎተ ሃይማኖት እየደገሙ ተወጋግዘው ኖሩ። የዶግማ ልዩነት አልነበረም። ሐምሌ 2010 ዓ.ም ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ሲታረቁ በእቅፍ ብቻ አልተለያዩም። አቡነ መርቆሬዎስ በፓትርያርክነት ክብራቸው ተመልሰው በጸሎትና በቡራኬ፣ የአገር ቤቱ ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ ደግሞ በአስተዳደር እንዲያገለግሉ፣ በቅዳሴ የሁለቱም ስም እንዲነሣ፣ ውግዘቱም እንዲነሣ ተስማሙ። ማን የት እንደሚቀመጥ በግልጽ ተወሰነ። ጠቡ የወንበር ከሆነ ዕርቁም ስለ ወንበር መናገር አለበት።

ሰውየው ጋ እንዴት ይኬዳል

ማቴዎስ 5፥23-24 በዳዩን ይልካል፦ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ታረቅ። ማቴዎስ 18፥15 ደግሞ ተበዳዩን ይልካል፦ «ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው።» ስለዚህ «እርሱ ይምጣ» የሚባል ነገር የለም። ሁለታችሁም መንገድ ላይ ብትገናኙ ነው የሚያምረው።

በአካል ሂዱ። ሩቅ ከሆነ ደውሉ። በቴክስት አይሆንም፣ ቮይስ ሜሴጅም አይሆንም፣ ነገ ለሌላ ሰው ይላካልና። ስትደርሱ የሰማችሁትን ሳይሆን ያያችሁትን ተናገሩ። «ጋሼ፣ ባለፈው ስብሰባ ላይ ስለ ሒሳቡ የተናገሩት ነገር ከፍቶኛል። እርስዎ ምን ለማለት ፈልገው እንደሆነ ልስማ ብዬ ነው የመጣሁት» ማለት ይበቃል። «ሰው ሁሉ እንዲህ ይላል» አትበሉ፤ «ሰው ሁሉ» ሲባል ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ነው። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። ምሳሌ 18፥17 እንደሚለው መጀመሪያ የተናገረው ሰው ሁልጊዜ ትክክል ይመስላል፣ ሌላው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ።

ካልሆነ አንድ ወይም ሁለት ሰው ውሰዱ። የሽምግልና ባህላችን እዚህ ይጠቅማል፣ አንዳንዴም ይጎዳል። ሽማግሌዎቻችን «ሁላችሁም ተሳስታችኋል፣ በሉ ተነሡ ይቅር ተባባሉ» ማለት ይወዳሉ። ፈጣን ነው። ግን የሠረቀና የተሠረቀ እኩል አልተሳሳቱም። ምስክር ማለት ነገሩን የሚያጣራ ሰው ነውና አስቀድሞ ወገን የያዘ፣ ከአንዱ ጋር በሥጋ የተዛመደ ወይም ብድር ያለበት ሰው አትምረጡ።

አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልናገር። ማቴዎስ 18 ስለ ወንድም በደል ነው። አገልጋይ ልጅ ነክቶ፣ ሴት ደፍሮ፣ ባል ሚስቱን ደብድቦ ከሆነ ተበዳይዋን «ብቻሽን ሄደሽ ውቀሺው» ማለት ጭካኔ ነው። እዚያ ፖሊስ ይጠራል። ሮሜ 13 ባለ ሥልጣን ሰይፍ የያዘው ለዚህ ነው ይላል። «የቤተ ክርስቲያንን ስም አታጥፉ» እያለ አንድነት የሚለውን ቃል መሸሸጊያ አድርጎት የማያውቅ ጉባኤ ታድሏል።

ቴሌግራም ግሩፑንስ? ዝጉት። ቢያንስ ነገሩ እስኪያልቅ ማስታወቂያ ብቻ የሚለጠፍበት አድርጉት። የሌላ ቤተ ክርስቲያን ጠብ ላይ ላይቭ ገብቶ የሚፈርድ ሰው ደግሞ አትከተሉ፤ ምሳሌ 6፥19 እግዚአብሔር የሚጠላቸውን ሲቆጥር በወንድማማቾች መካከል ጠብን የሚዘራውን መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል።

ቢለያዩስ?

አንዳንዴ አይሆንም። ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት ተጣልተው ተለያዩ፣ የሐዋርያት ሥራ 15 መጨረሻ። ሉቃስ አልደበቀውም፣ ማን ልክ እንደሆነም አልነገረንም። ግን አንዱ የሌላውን ጉባኤ ሊያፈርስ አልሄደም፤ በርናባስ ወደ ቆጵሮስ፣ ጳውሎስ ወደ ሶርያና ኪልቅያ። ከዓመታት በኋላ ጳውሎስ ከእስር ቤት «ማርቆስ ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛልና ከአንተ ጋር ይዘኸው ና» ብሎ ጻፈ።

መለያየት ግድ ከሆነ እንግዲህ እንዲህ ተለያዩ። ንብረቱ በጽሑፍ ይከፋፈል። ከሚሄዱት ጋር ሂዱ፣ ከሚቀሩት ጋር ቅሩ እያላችሁ ቤት ለቤት አትዙሩ። የሄዱት ሰዎች ለቅሶ ሲደርስባቸው ድረሱ፣ ልጅ ሲድሩ ሂዱ። በመድረክ ላይ በስም አትጥቀሷቸው፣ በጸሎት ግን በስም ጥሯቸው። ሮሜ 12፥18 «ቢቻላችሁስ» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ በእናንተ በኩል ያለውን ብቻ ነው የምትጠየቁት።

ከታረቃችሁ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው አስቸጋሪዎቹ። ቆሮንቶስ ላይ ሀብታሙ ቀድሞ በልቶ ሲጠግብ ድሃው ተርቦ ይመጣ ነበርና ጳውሎስ ለመብላት ስትሰበሰቡ ተጠባበቁ አላቸው። እናንተም አብራችሁ ብሉ፤ አንድ እሑድ ከፕሮግራም በኋላ፣ ምግቡን ሁለቱም ወገን አዋጥቶ፣ አቀማመጡ ደግሞ ተደበላልቆ። በሽተኛ ስትጠይቁ ከዚህ አንድ ከዚያ አንድ አድርጋችሁ ላኩ። የተስማማችሁበትን ወረቀት በሦስተኛው ወር እንደገና የምታነቡበትን ቀን ከስብሰባው ሳትነሡ ቁረጡ። ያልተፈጸመ ነገር ካለ ማን እስከ መቼ እንደሚፈጽመው በዚያው ዕለት ይጻፍና ሁለቱም ወገን ኮፒ ይያዝ።